ስለ ገዳሪፍና ስለ መተማ ሕፃናት የሳይንስ ትምህርት

የምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በጥቁር መሬቷ ላይ የሚበቅለው ማሽላና ሰሊጥ፣ ከግራሩ ዱር የሚለቀመው ሙጫ፣ ከጎንደር በመተማና በገላባት በኩል ወርዶ የሚሻገረው ጭነት፣ ይህ ሁሉ በዚያች ከተማ ገበያ ሲገናኝ ኖሯል። በ1944 (ዓ.ም. ካልተጨመረበት በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የእንግሊዝ መንግሥት በምሥራቅ አፍሪቃ ለነበረው ሠራዊቱ ስንቅ እንዲሆን በማሰብ በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማረስን አስጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዶ ከተማይቱ የሱዳን የእህል ጎተራ እስከ መባል ደረሰች። በወዲህ በኩል ያሉት የመተማ፣ የቋራና የሑመራ ቈላዎችም በአፈራቸው፣ በሰብላቸው፣ በበሽታቸውም ጭምር የዚያው መሬት ቀጣይ ናቸው። የመንግሥታት ወሰን በመካከል ያልፋል እንጂ ዋልካው አንድ ነው፤ የጓንግ ወንዝም ስሙን ለውጦ አትባራ ይባላል እንጂ ውሃው ያው ነው።

ይሁን እንጂ የዛሬው አሳባችን ስለ ዋጋና ስለ ቀረጥ አይደለም። በዚህ አገር የሚወለደው ሕፃን ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በዙሪያው ስላለው አፈር፣ ስለ እህሉ፣ ስለሚነክሰው ነፍሳትና ስለሚጠጣው ውሃ ምን ይማራል? ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚገደው ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱን በአንድ አረም ታሪክ እንጀምር።

በማሽላ እርሻ ውስጥ የሚወጣ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ለዐይን ደስ የሚያሰኝ አረም አለ። የእኛ ገበሬ አቀንጭራ ይለዋል። የሱዳን ገበሬ ደግሞ «ቡዳ» ብሎ ይጠራዋል፤ ቃሉ በእኛ ጆሮ ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እንግሊዞችም ቢሆኑ «የጠንቋይ አረም» ነው የሚሉት። ሦስት ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንድን ሣር ከአስማት ጋር ማገናኘታቸው ያለ ምክንያት አልሆነም። ዝናሙ ሳይጓደል፣ መሬቱ ርጥብ ሳለ፣ ማሽላው ድርቅ እንደ መታው ይጠወልጋል፤ ይቀጭጫል፤ ገበሬውም ምን እንደ ነካው አያውቅም። አረሙ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ደግሞ ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል። ዐይን ነው፣ ምቀኛ ነው ቢባል ያስደንቃልን?

ሳይንስ የገለጠው ምሥጢር ግን ከአስማቱ ይበልጥ ያስደንቃል። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል በብዙ አሥር ሺዎች የሚቈጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት በአፈር ውስጥ ተኝቶ መቈየት ይችላል። ብቻውን አይበቅልም። የማሽላ ሥር በአጠገቡ ሲያልፍ ወደ አፈሩ የሚያፈስሰው እጅግ ጥቂት የሆነ ቅመም አለ፤ አቀንጭራው ያን ሲያገኝ ይነቃል፣ ሥሩን ወደ ማሽላው ሥር ይሰዳል፣ ተጣብቆም ውሃውንና ምግቡን ይመጠምጣል። ማሽላ በማሽላ ላይ በየዓመቱ በተዘራ ቍጥር የተኛው ዘር እየበዛ ይሄዳል። ሰሊጥ፣ ጥጥ ወይም አደንጓሬ የመሰለ ሰብል ቢዘራበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የእነዚህ ሥር አቀንጭራውን ያነቃዋል፣ ነገር ግን አያጠባውም፤ የነቃውም ዘር የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። እንግዲህ በገዳሪፍ ዋልካ ላይ ሰሊጥና ማሽላ ማፈራረቅ የገበያ ስልት ብቻ አይደለም፤ የአፈር መድኃኒትም ነው። ይህን ለመረዳት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን አእምሮ ይበቃል።

ይህን አረም ድል ለመንሣት ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ስማቸው በዓለም የታወቀው የእኛው አገር ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ናቸው። በ1950 በምዕራብ ሸዋ በወለንኮሚ አካባቢ በሣር ጎጆ ተወለዱ፤ በቅርብ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጕዘው፣ ሳምንቱን በከተማ ሰንብተው፣ ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በዓለማያ ኮሌጅ፣ በኋላም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1979 ወደ ሱዳን ሄደው በማሽላ ምርምር ሥራ ገቡ፤ በ1983ም «ሐጂን ዱራ አንድ» የተባለው፣ በአፍሪቃ የመጀመሪያው የንግድ ዲቃላ ማሽላ ወጣ። ድርቅን የሚችል፣ ከአገሬው ዘር እጅግ አብልጦ የሚሰጥ ነበር፤ እስከ 1999 ድረስም በሱዳን አንድ ሚሊዮን ኤክር ያህል መሬት እንደ ተዘራበት ተመዝግቧል። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ መለሱ። ያን የሚያነቃ ቅመም ከሥሩ እጅግ አሳንሶ የሚሰጥ ማሽላ ፈልገው አገኙ፤ ጠላቱን ሳይነካ እንደ ተኛ የሚተው ዘር ማለት ነው። ከዚህ ሥራ የተገኙት «ጎቢዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች በኢትዮጵያም ተለቀዋል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሁሉ ነው።

ታዲያ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ልጅ በየዘመኑ ይገኛል ብሎ መቀመጥ አስተዳደር አይባልም። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ባለው ቈላ፣ ከአቀንጭራው አጠገብ የሚውሉት ሕፃናት በሺህ ይቈጠራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ማሽላው ለምን እንደ ጠወለገ ጠይቆ መልስ የሚያገኘው ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ምሳሌ የሰው ሕይወት ያለበት ነው። ካላዛር የሚባለው በሽታ በሱዳን ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የሚገኘው በገዳሪፍ ነው፤ በእኛም በኩል የመተማና የሑመራ ቈላ የታወቀ መኖሪያው ነው። ትኵሳቱ ለሳምንታትና ለወራት አይለቅም፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ሳይታከሙ ከቀሩት ውስጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ያነሰ ነው፤ ሲበር ድምፅ የለውም። ቀን ቀን በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና በዛፍ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ የሚወደውም ዐረቦች ጠልሕ የሚሉት ግራርና ሂግሊግ የሚሉት፣ እኛ በደኖ የምንለው ዛፍ ያለበትን አገር ነው። ማታ ይወጣል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ደክሞት የሚተኛው በዚያው ግራር ሥር፣ በዚያው ስንጥቅ ላይ ነው።

የሚሆነውንም አይተናል። በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም፣ ከዚያ በፊት ካላዛር በማይታወቅበት ደጋ ቀመስ አገር፣ ብዙ ሰው በትኵሳት ማለቅ ጀመረ። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ተመርምሮ ሲታወቅ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ቈላው ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረም ታመነ። በዚያ መካከል የጠፋው ጊዜ የሰው ነፍስ ዋጋ አለው። በአራተኛ ክፍል ሳለ «ሁሉ ትኵሳት ወባ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት አልፎት ጣፊያ ያሳበጠ ትኵሳት ወደ ሐኪም ይወሰድ» የሚለውን የተማረ ልጅ በየቤቱ ቢኖር፣ ቢያንስ አባቱን ቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ባስወሰደው ነበር። ይህ ትምህርት ብርና ወርቅ አይጠይቅም።

ሦስተኛውን ባጭሩ እናልፈዋለን። ሱዳን በአትባራ ወንዝ ላይ በኻሽም ኤል ጊርባ በ1964 የሠራችው ግድብ ውሃ መያዣው ከግማሽ በላይ በደለል ተሞልቷል። ደለሉ የማን አፈር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከተከዜና ከጓንግ ተፋሰስ የተጠረገ የደጋ ማሳ ነው። በነሐሴ ከጓንግ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ በመስኮት ላይ ማሳደር፣ ጠዋት የረጋውን ጭቃ አድርቆ በሚዛን መመዘን፣ ቀጥሎም ልጆቹን «በአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል ከሆነ፣ በወንዙ ሁሉስ?» ብሎ መጠየቅ፤ ይህ ሙሉ ትምህርት ነው፤ ሒሳብም ጂኦግራፊም አለበት።

እንግዲህ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። መምህሩ «የተክል ዋና ዋና ክፍሎች ምን ምን ናቸው?» ይላል። ስድሳ ሕፃናት በአንድ አፍ «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ አበባ» ይላሉ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ወደ ደብተር ይገለበጣል፤ በፈተና ቀንም ከደብተሩ ወደ ወረቀት ይመለሳል። ከመስኮቱ ውጭ ማሽላ ቆሟል፤ ግን አንድም ልጅ ወጥቶ፣ ነቅሎ፣ ሥሩን በእጁ ይዞ እንዲያይ አይታዘዝም። በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል፤ በታችኞቹ ክፍሎችም «የአካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት እንዲሰጥ ተደርጓል። ስሙ እጅግ መልካም ነው። የአካባቢ ሳይንስ ሆኖ አካባቢውን ሳያዩ መማሩ ግን በእውነቱ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ወይም የሚያስለቅስ።

የዚህ ዘር ፍሬው በኋላ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ወቀሳውም በሁለተኛ ደረጃው መምህርና በፈተናው አሰጣጥ ላይ ወረደ። ጐጆው ሲዘም ጣራውን ብቻ የሚመለከት ሰው መሠረቱን ሳያይ ይቀራል። አሥራ ሁለት ዓመት በቃል መያዝን የለመደ ልጅ፣ ምክንያቱን አስረዳ ሲባል ከየት ያመጣዋል?

ሁለት ተቃውሞ ዘወትር ይነሣል። አንደኛው «አስቀድሞ ማንበብና መጻፍ ይቻል፤ ሳይንሱ ሲያድጉ ይደርሳል» የሚለው ነው። ይህ ማንበብን ከነገሩ የሚለይ አሳብ ነው። ሕፃኑ ያበቀለውን ባቄላ ቁመት በየቀኑ ለክቶ ሲጽፍ፣ ጽሕፈቱም ቍጥሩም በአንድነት ይሠለጥናሉ፤ የሚጽፈው ነገር የራሱ ስለ ሆነም ይተጋበታል። ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ላቦራቶር የት ይገኛል? መስተዋቱና መድኃኒቱ በምን ይገዛል? ለዚህ መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ፈርሰው ስለ ነበር፣ ዩኔስኮ በ1948 በጦርነት ለወደሙ አገሮች የሳይንስ መምህራን የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከቆርቆሮ ሣጥን፣ ከባዶ ጠርሙስ፣ ከሽቦና ከሻማ የመማሪያ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ነበር። ያ ሥራ አድጎ በ1956 ትልቅ የሳይንስ ማስተማሪያ መድበል ሆኖ ወጣ፤ በብዙ ቋንቋም ተተረጐመ። በገዳሪፍና በመተማ ገበያ የቲማቲም ቆርቆሮና የዘይት ጀሪካን ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው በቆርቆሮው የሚያስተምር መምህር ነው።

ስለ መምህሩ ደግሞ ከሱዳን ራሷ የምንማረው አለ። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በኤድ ዱዌም አጠገብ በኽት ኤር ሩዳ በተባለ ስፍራ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ መሪው ግሪፊዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። የዚያ ቤት ጥበብ ቀላል ነው። መጽሐፍ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት አይላክም፤ አስቀድሞ በማሠልጠኛው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ይሞከራል፤ ከመጽሐፉ ጋር ለመምህሩ የሚሆን መምሪያ ይዘጋጃል፤ መምህሩም ከሥራው እየተጠራ በየጊዜው ይታደሳል። ሕፃናቱ ስለ አገራቸው ልዩ ልዩ ክፍል የሚማሩበትም መጽሐፍ ተማሪው በየአገሩ ወዳጆቹን እየጎበኘ የሰዎቹን መተዳደሪያ እንደሚያይ ሆኖ የተጻፈ ስለ ነበር፣ ብዙ ሱዳናውያን ሸምግለውም አልረሱትም። ማሠልጠኛው ከቅኝ ገዢ ዘመን የተወለደ ስለ ሆነ ጕድለት የለበትም አንልም። ነገር ግን ዛሬ በአንድ ሳምንት ስብሰባ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ለመምህራን አስረድተናል የሚል ሹም፣ ይህን አሠራር ቢያስተውለው ይጠቀማል።

ጦርነትም ይህን ሁሉ አናግቶታል። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ከ60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ጦርነቱ በሱዳን ሆነ፤ ካርቱምን የለቀቀው ሕዝብ ገዳሪፍን አጥለቀለቃት፣ የትምህርት ቤቶቿም አዳራሾች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ፤ ሌላውም ገላባትን ተሻግሮ በመተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ ተጠለለ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በወዲህ በኩልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ሕዝቦች ያን ድንበር በስደት ተሻገሩት ማለት ነው። «በዚህ ጊዜ ስለ ሳይንስ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ በድንኳን ሥር የሚማር ልጅ ከማንም ይልቅ ውሃ ለምን እንደሚፈላ፣ ተቅማጥ ከየት እንደሚመጣ፣ ዝንቡ የት እንደሚያድር ማወቅ ያስፈልገዋል። ዐረብኛ ተናጋሪው አረሙን ቡዳ ቢለው፣ የእኛው አቀንጭራ ቢለው፣ ሥሩን ነቅለው ሲያዩት የሚያዩት አንድ ነገር ነው።

አስተዳዳሪው ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው፤ በጀት ሳይጨምር ጭምር። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሩብ ሔክታር የማይሞላ የሙከራ ማሳ መስጠት፣ የእርሻና የጤና ሠራተኛው በወር አንድ ቀን ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ማዘዝ፣ ተቈጣጣሪው ደብተር ብቻ ሳይሆን የበቀለውንም እንዲያይ ማድረግ ይቻለዋል። ነጋዴው ደግሞ ጕዳዩ የእርሱም እንደ ሆነ ይወቅ። ሰሊጥ በገዳሪፍ በቀንጣር ይሸጣል፤ ቀንጣሩ ወደ 45 ኪሎ ነው፤ በእኛ ዘንድ በኩንታል፣ 100 ኪሎ። የሰሊጡ እርጥበት ከመቶ 6 ገደማ መሆን ሲገባው 8 ቢሆን፣ መቶ ኩንታል የገዛ ሰው ሁለት ኩንታል ያህል ውሃ በሰሊጥ ዋጋ ገዛ፤ በመጋዘንም ሻግቶ ይቈየዋል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊና መዛኝ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ከመጋዘኑ አንድ አሮጌ ሚዛንና አንድ ቁና ሰሊጥ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቢሰጥ አይከስርም። ልጆቹ መዝነው፣ በፀሐይ አስጥተው፣ እንደ ገና ይመዝኑታል።

መምህሩም ገንዘብና ትእዛዝ ሳይጠብቅ በሚመጣው ክረምት የሚጀምረው ሥራ አለ። አራት ባዶ ቆርቆሮ ይፈልግ። በአንደኛው አቀንጭራ ከማያውቀው መሬት የመጣ አፈር አድርጎ ማሽላ ይዝራበት፤ በሁለተኛው አምና አቀንጭራ ከነበረበት ማሳ የመጣ አፈር አድርጎ ማሽላ ይዝራበት፤ በሦስተኛው ያንኑ የተበከለ አፈር አድርጎ ሰሊጥ ይዝራ፤ በአራተኛው ያንኑ አፈር ሞልቶ ምንም ሳይዘራ ውሃ ብቻ ያጠጣው። ልጆቹም የሚሆነውን አስቀድመው ገምተው ይጻፉ፤ በየሳምንቱም ያዩትን ይመዝግቡ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን አረሙ በየትኛው ቆርቆሮ ብቻ እንደ ወጣ ያያሉ፤ ለምን እንደ ሆነም መምህሩ ሳይነግራቸው ይከራከሩበት። ሐምራዊው አበባ ሲፈካ ግን ዘር ሳይዝ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል፤ አፈሩም ወደ ማሳ እንዳይደፋ ጥንቃቄ ይደረግ።